ጨው፣ ሻማና የአባታችን በር

ጥቅምት 4

ወንድምጋሼ፣

ሰላምታውን እንደ ድሮው ገጽ ሙሉ ላደርገው አስቤ ነበር። የምጽፍበት ግን የሥዕል ሙከራዬ፣ የደብተር ወረቀት ጀርባ ስለሆነ ሳሳሁለት። እንደምን አለህ? ልጅህስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሁሉ በየቦታው ነው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዱን ለናፍቆቴ፣ ሁለተኛውን ለቁም ነገሩ፣ ሦስተኛውን የልጅህን የእጅ ጽሑፍ ለማድነቅ። እንዴት ያለ ውብ ጽሑፍ ነው ያላት። ግን አንተ ምን ሆነህ ነው እሷን የምታስቸግራት? "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ብለሃል። ጡረታ የወጣ ሰው፣ ያውም ብቻውን ሲቀመጥ የሚውል ሰው፣ ምን ሥራ ይበዛበታል? ድመቷን ስትቆጥር ነው የምትውለው?

አሁንም በሩን ትፈልጊያለሽ ወይ ላልከኝ መልሴ አዎ ነው። የበሩን ፎቶግራፍ ልላክልሽ ያልከውን እንዳልሰማሁ አልፌዋለሁ። የአባታችን ቤት ሲፈርስ ዘመዱ ሁሉ ዕቃ ሲካፈል እኔ ባዶ እጄን የሄድኩት "በሩን ሥዬ እሰጥሻለሁ" ስላልከኝ ነው። ባለፈው ዓመት ስመጣ የጀመርከውን ሥዕል በዓይኔ አይቼዋለሁ። የግድግዳው ድንጋይ አልቋል፣ ማጠፊያው አልቋል፣ ቁልፉማ እጄን ሰድጄ ልከፍተው ነበር። እንጨቱ ብቻ ነው ነጭ ሆኖ የቀረው። ሠላሳ ዓመት ለምርምር ቢሮ የቅጠል ጅማት አንድ በአንድ ሲሥል የኖረ ሰው አምስት ሳንቃ ያቅተዋል ብለህ እንዳትነግረኝ። በተለይ ያን ሳንቃ፣ እኔ በምስማር ዶሮ ቧጭሬበት አንተ የተቀጣህበትን።

ለማንኛውም፣ አንተን ስጠብቅ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ቀለም ገዛሁ። የውሃ ቀለም፣ ክዳኑ ላይ ድብ ያለበት፣ የሕፃናት። ስትስቅ ይታየኛል። ስቀህ ስትጨርስ ግን ይህን ስማኝ። ስፌት ቤት ክሩ እንዳይቋጠርብን በሻማ ቁራጭ እናሸዋለን። ሻማው የተቀመጠበት ወረቀት ላይ ሳላውቅ ቡናማ ቀለም ቀባሁ። ቀለሙ ሻማው የነካውን ቦታ እንደተቀየመ ዘመድ ዞር እያለ አለፈው። ነጭ ነጭ ሰረዝ ቀረ፣ ቀለሙ እንደተላጠ አሮጌ እንጨት። ክው ብዬ ቀረሁ። በራችን ነው የመሰለኝ።

እንጨት እንዴት ነው የሚሠራው? ንገረኝ። እስክትነግረኝ ድረስ ቀለም ማባከኔን አልተውም።

አፏ አያርፍም ብለህ ስም ያወጣህላት፣
ወፍጮህ


ጥቅምት 21

ወፍጮዬ፣

ደህና ነኝ። የምትጽፈው ልጄ ናት፤ ጣቴን መሳቢያ ቆንጥጦኝ ነው። ምንም አይደለም።

ጉልበትሽን ለሐኪም አሳዪ። "አላመመኝም፣ ያጉረመርማል ነው ያልኩት" እንዳትይኝ።

ሻማ ሥዕል አይደለም። ሻማ መብራት ሲጠፋ የሚበራ ነገር ነው። እሠራለሁ ካልሽ ግን በሥርዓት ይሁን። መጀመሪያ ሻማው፣ ከዚያ ቀለሙ፤ ቀለም ከነካው በኋላ ብታሺው ትርጉም የለውም። የት ነጭ እንደሚቀር ቀድመሽ ማሰብ አለብሽ፣ አንድ ጊዜ ካሸሽው መመለሻ የለውም። ደብተር ወረቀት ላይ የሠራሽውን ቅደጂው። ወፍራም፣ ፊቱ ሻካራ የሆነ ወረቀት ግዢ።

የእንጨት ትክክለኛው መንገድ ደረቅ ብሩሽ ነው። ብሩሹን ቀለም ታጠጪውና በጨርቅ ትጨምቂዋለሽ። ከዚያ ሳትጫኚ፣ አስተኝተሽ፣ ወረቀቱን እያሻሸ እንዲያልፍ ነው። ጉብ ጉብ ያለው ቀለም ይይዛል፣ ጎድጎድ ያለው ነጭ ይቀራል። በዚያ ላይ ስንጥቁን በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ታስገቢያለሽ። ለዚህ የማይነቃነቅ እጅ ያስፈልጋል።

ጨው የሚበትኑ፣ በጥርስ ብሩሽ የሚረጩ፣ ፋሻ የሚለጥፉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ አንድም ቀን አላደረግኩትም። ሠዓሊ መስመር የሚያሰምር ሰው ነው። ጨው ለድስት ነው።

ወንድምሽ

አክስቴ፣ ይህችን እኔ ነኝ የጨመርኳት፣ አባዬ አላያትም። "ጨው ለድስት ነው" የሚለውን አስምሪበት ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። መሳቢያ ሲቆነጥጠው ግን እኔ አላየሁም።


ኅዳር 9

ወንድምጋሼ፣

ጨው ለድስት ነው ባትለኝ ኖሮ ጭራሽ አላስበውም ነበር። ጥፋቱ ያንተ ነው።

የመጀመሪያውን ቀለሙ ኩሬ ሠርቶ እያለ ነሰነስኩት። ሟሟ፤ ሾርባ ሆነ። ሁለተኛውን ደርቆ ጠበቀኝ፤ ጨው በላዩ ላይ አሸዋ መስሎ ቁጭ አለ፣ ነካ ሳደርገው ተንከባለለና ወረደ፣ ምንም ምልክት የለም። ሦስተኛውን ያስተማረኝ ካውያ ነው። የጥጥ ጨርቅ ርጥቡን ከተኮስከው ይጨማደዳል፣ ደረቁንም ከተኮስከው እምቢ ይላል። በእጅህ ጀርባ ስትነካው ቀዝቀዝ ያለች አንዲት ደቂቃ አለችው፣ እሷን መያዝ ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ጎን አድርጌ ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩት። ማብረቅረቁ ሊጠፋ ሲል፣ ጠፍቶ ሳይሆን ሊጠፋ ሲል፣ በተንኩት። ከዚያ እጄን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። ወንድምጋሼ፣ እያንዳንዷ ፍሬ በዙሪያዋ ያለውን ቀለም እየጠጣች የራሷን ትንሽ ነጭ አበባ ሠራች። በራችን ከታች፣ ዝናብ የሚረጨው ቦታ ላይ፣ ሽበት ያበቀለ የሚመስል ነገር አልነበረውም? እሱን ነው የሆነው።

የሞከርኩት በምሳ ሰዓት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነበር። አለቃችን መጣና ጠረጴዛው ላይ ነጭ ነገር አየ። በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰው። የማን ምሳ ነው ሲል ሴቶቹ ሁሉ መቀስ ጥለው ሳቁ። የሥዕል ነው ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት። ብዙ ካየው በኋላ ይህ የቤቴ ግድግዳ ነው፣ እርጥበቱ ነው፣ ከየት አገኘሽው አለኝ። እንግዲህ የመጀመሪያ አድናቂዬ እሱ ነው።

ፋሻም ሞክሬያለሁ። ርጥቡ ላይ አስተኝተኸው እስኪደርቅ አትነካውም፤ ስታነሳው ሽመናው ክር በክር ተቀምጧል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ዓይኔን እንባ ሞላው።

ያንተስ ጣት? መሳቢያ የቆነጠጠው ጣት ጥፍሩ ይጠቁራል። ጠቁሯል? የትኛው ጣት እንደሆነም አልነገርከኝም። የጨዉን ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። እንዳመጣልህ ስደበው።

ወፍጮህ


ኅዳር 26

ወፍጮዬ፣

ፖስታውን ስከፍተው ጨው ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ሲደርቅ ይራገፋል ብሎ የነገረሽ የለም? ጥያቄ አይደለም፣ የለም። ድመቷ ሱሪዬን ስትልስ ዋለች።

ወረቀትሽን አየሁት። መካከሉ ቆሻሻ ነው፣ ቀለም በቀለም ላይ ደራርበሽ ጭቃ አድርገሽዋል። ግራ ጥጉ ግን ዝናብ የበላው እንጨት ነው። እኔ በብሩሽ ብሠራው ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፣ እንዲህም አይሆንልኝም። ይህን የምለው ስለ ጨዉ ነው፣ ስለ አንቺ አይደለም።

የጣቱን ነገር ተዪው።

ብሩሾቼን ለቀድሞ ቢሮዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ተቀምጠው ብል ከሚበላቸው የሚሠራባቸው ሰው ቢያገኙ ይሻላል። ከእንግዲህ በሩን አትጠይቂኝ። ፎቶግራፉን አብሬ ልኬዋለሁ። ጥሩ ፎቶግራፍ ነው፣ አስቀምጪው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8

ወንድምጋሼ፣

ፎቶግራፉ ደርሶኛል። መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሰው የማይቆነጥጥ መሳቢያ ነው።

አሁን የምጽፈውን ስታነብ ልትቆጣኝ ነው። ተቆጣኝ፣ ለምጃለሁ። ደብዳቤውን የጻፈችው ልጅህ ናት፤ ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ግን የጻፍከው አንተ ነህ። ያን ቀን ወጥታ ነበር መሰለኝ፣ አንተም እሷ እስክትመለስ መጠበቅ አቃተህ። የቤቴ ቁጥር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተርገፍግፏል። ስፌት መኪና ፊት ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ መርፌው ሲንቀጠቀጥ ስፌቱን ብቻ አይቼ አውቃለሁ። እጅህ ነው አይደል? ለዚህ ነው እንጨቱ ነጭ የቀረው። ሐኪም አይቶህ ይሆናል፣ ስምም ሰጥቶት ይሆናል። ልትነግረኝ ካልፈለግክ አትንገረኝ። መሳቢያ ግን አትበለኝ።

እኔም የደበቅኩህ አለ። መርፌ ውስጥ ክር ካስገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀዳዳው አይታየኝም። አጠገቤ የምትሰፋው ጓደኛዬ ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ ክር ታስገባና የመርፌ ትራሴ ላይ ትሰካልኛለች። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። አንተ ደግሞ "የእህቴ ዓይን የጭልፊት ነው" እያልክ በሄድክበት ስለምታወራ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ይኸው ነገርኩህ። ተቀባበልን።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ምን መሥራት ይችላል? ይህን ለማወቅ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ ቢደክምም እጄ ደህና ነው። አስቤ አስቤ ምን አደረግኩ መሰለህ? አውቶቡስ ላይ ሣልኩ።

እኛ ሰፈር ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፣ ከገብያው እስከ ድልድዩ ተቆፍሮ የቀረውን። ከኋላ ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ላይ ወረቀት። በቀጭን ብሩሽ ጀመርኩ፤ ያው እንደምታስበው አሳፋሪ ነው። ብሩሹን ትቼ ጊዜው ያለፈበትን የአውቶቡስ ካርድ አወጣሁ፤ ቀለሙ ጤዛ ያህል ርጥበት ሲቀረው በጠርዙ ፋቅኩት። አውቶቡሱ ዘለለ፣ ካርዱም ዘለለ። ወንድምጋሼ፣ እንጨት ሆነ። መስመሩ ይሄድና ይወላገዳል፣ ይሰፋል፣ ይቋረጣል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ተደላድዬ የሠራሁት አጥር ይመስል ነበር፤ ይህኛው ግን ያረጀ፣ ሰው ሲገፋው የኖረ እንጨት ነው።

ከዚያ በጥርስ ብሩሹ ስረጭ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ አበላሸሁባቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳልከፍት ሰውዬው ወረቀቱን እያዩ ምንድን ነው አሉኝ። የበር ሳንቃ ነው አልኳቸው። "እኛም ቤት እንዲህ ያለ በር ነበረን" ብለው፣ እስኪወርዱ ድረስ ቀለሙን የምበጠብጥበትን የውሃ ብርጭቆ ያዙልኝ።

በዚህ ጥቅል ውስጥ ያለው ካርድ ያ ነው። የጥርስ ብሩሹ አዲስ ነው፣ አትጠየፈው። የማበጠሪያው ሦስት ጥርስ ወልቋል፣ አውቄ ነው፤ ርጥብ ቀለም ላይ ስትጎትተው ጥቁር ጥቁር ስንጥቅ ይተዋል፣ የወለቀው ቦታ ሲዘል ደስ ይላል። ፋሻ አለ፣ በመቀስ የሸረፍኩት ስፖንጅ አለ፣ የሻማ ቁራጭ አለ። ጨዉን በጨርቅ ቋጥሬዋለሁ። ብሩሽ አልላክሁም። ላንተ ብሩሽ መላክ ድፍረት ነው።

የአባታችንን በር አስታውሰው። አንድም ቀጥ ያለ መስመር አልነበረውም።

ወፍጮህ


ጥር 2

ወንድምጋሼ፣

ሦስት ሳምንት አለፈ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች፤ መስኮቷ ድረስ እንኳ አታስደርሰኝም።

ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ እጅ ገብቶ ቢወጣ ኖሮ ያን ደብዳቤ በማግሥቱ አወጣው ነበር። አበዛሁት። ሰው የደበቀው ነገር የራሱ ነው፣ እኔ ግን እንደ ኪስ ገልብጬ አራገፍኩብህ። ይቅር በለኝ። አውቶቡሱንም የነገርኩህ እንድትስቅ ነበር፤ ምናልባት የሳቅኩብህ መስሎህ ይሆናል። አልሳቅኩብህም።

በሩ ይቅር። በነጩም ቢሆን የኔ ነው። አንተ ብቻ በልጅህ እጅም ቢሆን ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ጨው ለድስት ነው ብለህ ጻፍ፣ ይበቃኛል።

ወፍጮህ


ጥር 24

ወፍጮዬ፣

የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንበብ ካቃተሽ ጓደኛሽን አስነብቢ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ለልጄ እንኳ ምክንያቱን አልነገርኳትም። ከዚያ ጥቅልሽን ልጥለው አነሳሁት። ጨዉ እንደገና ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ቋጠሮሽ እንደ አፍሽ ነው፣ አይጠብቅም።

የሚንቀጠቀጠው ቀኙ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይብስበታል ብሏል። ይኸው ነገርኩሽ። አሁን ስለ በሩ።

ካርድሽን አሮጌ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። ለማንም ላላሳየው ነበር። የመጀመሪያው እንደ ልጅ ጨዋታ ሆነ። አሥራ አንደኛው ላይ እጄን መያዝ ተውኩ። ግራ እጄ ቀኙን ሲጠብቅ ነበር የኖረው፤ ለቀቅኩትና አስቀመጥኩት። እጄ ይዘላል። በሚዘልበት ቦታ እንጨቱ ይከፈታል። ሠላሳ ዓመት ይህን እጅ አትነቃነቅ ስል ነው የኖርኩት።

ያን ጊዜ ነው የበሩን ወረቀት ያወጣሁት። ሻማ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ካርድ፣ ሲደርቅ ደግሞ በደረቅ ቀለም ማበስ። ብሩሽ ስለሌለኝ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ አበስኩት። ከታች ጨው አድርጌበታለሁ፤ አንቺ እንዳልሽው ማብረቅረቁ ሊጠፋ ሲል። ካውያሽን አመስግኚልኝ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ የክፍሌ መግቢያ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ አልገባችም። ምን እንዳለችኝ አልጽፍልሽም።

አራት ሳንቃ አልቋል። አምስተኛውን በነጩ ትቼዋለሁ፣ አቅቶኝ አይደለም። ዶሮዋ ያለችበት ነው። ሌላ ወረቀት ላይ ዶሮዋን ሞክሬያት ነበር፤ እጄ እንዲህ ሆኖም ዶሮ ሆነችብኝ። ያንቺ ዶሮ ዶሮ አትመስልም ነበር። ሳንቃውም ዶሮዋም ያንቺ ነው። ጨውሽን ይዘሽ ነይ። ቶሎ ነይ።

ሁለት ነገር አስቢ። ቀለሙ ርጥብ እያለ በምስማር ብትቧጭሪው ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባና ጥቁር ይሆናል። ከደረቀ በኋላ ብትቧጭሪው ግን ወረቀቱ ይላጥና ነጭ ይወጣል፣ አሁን እንደተቧጨረ እንጨት። የትኛው እንዲሆን እንደምትፈልጊ ወስኚ። ሌላው፣ ዶሮዋ ከቁልፉ በታች ምን ያህል ነበረች? የላክሁልሽ ፎቶግራፍ ላይ ጥላ ወድቆባት ነበር። ተሳስቼ እንዳላስቀምጣት።

ወንድምሽ


የካቲት 1

ወንድምጋሼ፣

ለማንም አላስነበብኩትም። አንድ ፊደል አልጠፋኝም።

አለቃችን አራት ቀን ፈቅዶልኛል። ቅዳሜ ጠዋት የሚነሳውን አውቶቡስ እይዛለሁ፤ በመንገድ ላይ አልሥልም፣ ላንተ ስል ሸሚዝ ለባሹን ሁሉ ምሬዋለሁ። ጨው ይዣለሁ፣ በጠርሙስ። ምስማርም ይዣለሁ። ልጅህ እንዳትለፋ ንገራት፤ የምተኛበት ይበቃኛል፣ ክር የሚያስገባልኝ ሰው ካለ ደግሞ የሸሚዞችህንም ቁልፎች ሁሉ እየተከልኩ እመለሳለሁ።

ዶሮዋ ጥቁር ትሁን። ያኔ ነጭ ነበረች፤ ብዙ ዓመት ሆናት እኮ።

ከቁልፉ በታች ያለችው አራት ጣት ነው። የማን ጣት እንዳትለኝ፣ ያንተ ነው። አባባ ማነው የቧጨረው ሲል አንተ በሩ ላይ እጅህን አስቀምጠህ ከቁልፉ ቁልቁል ለካህና፣ "አራት ጣት ነው፣ እዚህ እሷ አትደርስም" አልከው። እደርስ ነበር። ከኋላህ ሸሚዝህን ይዤ ቆሜ ስትለካ አይቻለሁ፣ እጅህ ያን ቀንም ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በፍርሃት።

ሥዕሉ ላይ ስንት እንደሚሆን አንተ አስላው። ግን በዚያው እጅህ ለካው። ቢንቀጠቀጡም አራት ናቸው።

ወፍጮህ